ፊልም ካሜራ በሐረርና በድሬዳዋ፦ ካሜራው ተገኘ፣ ማጠቢያውስ?

ከቁም ሣጥን ጥግ የተረሳ ያሺካ ወይም ዜኒት አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ፊልም አስገብቶ ጀጎል ውስጥ መዞር የጀመሩ ወጣቶች አሉ። ድሬዳዋም እንዲሁ። ፎቶዎቹ ቴሌግራምና ኢንስታግራም ላይ ይወጣሉ። መኪና ግርግር የሚባለው የሐረር መንገድ ልብስ ሰፊዎች፣ የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ይታዩባቸዋል። ከሥራቸው ደግሞ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ይሄ እኮ ፊልተር ነው» ይላል። ሌላው «ፊልም ከዲጂታል ይበልጣል» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው «ኑሮ በዚህ በተወደደበት ጊዜ ይሄ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁሉም የያዙት እውነት አለ። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ ካሜራው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ካሜራው የጉዳዩ ቀላሉ ክፍል ነው። በደህና የተያዘ የ50 ዓመት ካሜራ ዛሬም ይሠራል። በእነዚህ ሁለት ከተሞች የፊልም ፎቶን ዕጣ የሚወስነው ፊልሙ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ በምን ውሃ እንደሚታጠብና በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚቀመጥ ነው።

ፊልም፣ ኔጋቲቭ፣ ማጠብ

ፊልም ስስ ፕላስቲክ ነው። በላዩ ጄላቲን የተባለ፣ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ሙጫ ተቀብቶበታል። ጄላቲኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የብር ውሁድ ቅንጣቶች ተበትነዋል። ብር ስንል ገንዘቡን ሳይሆን አምባርና ድሪ የሚሠራበትን ማዕድን ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው ቅንጣቶቹ በጥቂቱ ይለወጣሉ። ለውጡ ግን ገና ለዓይን አይታይም። እንዲታይ ፊልሙ ብርሃን በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ሆኖ ኬሚካል ሊፈስበት ይገባል።

መጀመሪያ የሚገባው ዲቨሎፐር ነው። ብርሃን የነካቸውን ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ይቀይራል። ቀጥሎ ፊክሰር ይገባል። ፊክሰር ብርሃን ያልነካቸውን ቅንጣቶች አሟሙቶ ያወጣል። ይህ ካልተደረገ ምስሉ ብርሃን ላይ አይጸናም። በመጨረሻ ፊልሙ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የሚገኘው ኔጋቲቭ ነው፤ ብርሃኑ ጠቁሮ፣ ጥላው ነጥቶ የሚታይበት የተገለበጠ ምስል። ከእሱ ወይ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ወይ ስካን ተደርጎ ስልክ ውስጥ ይገባል።

አማርኛ ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ቃል «ማጠብ» ይለዋል። ፊልም አሳጠብኩ፣ ፎቶው ታጥቦ ደረሰ ይባላል። የመጨረሻው ደረጃ የጠቅላላው ሥራ ስም ሆኗል። ለሐረርና ለድሬዳዋ ቃሉ ልክ ነው። እዚህ ችግሩም ያለው ውሃው ላይ ነው።

ለምን አሁን?

የፊልም ሽያጭ በዓለም ደረጃ ጫፍ የደረሰው በ2000 እ.ኤ.አ. ግድም ነበር። ከዚያ ዲጂታል መጣና ቁልቁል ወረደ። ኮዳክ በ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከአበዳሪዎቹ ለመጠበቅ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። ብዙዎች ነገሩ አበቃ አሉ። አላበቃም። የእንግሊዙ ፊልም አምራች ሃርማን በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፊኒክስ የተባለ አዲስ ባለቀለም ፊልም አወጣ። ፔንታክስ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ፔንታክስ 17 የተባለ አዲስ የፊልም ካሜራ ለገበያ አቀረበ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ስልክ በቀን 500 ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያ ውስጥ ተመልሶ የሚታየው ጥቂት ነው። ፊልም 36 ይሰጥና ይቆማል። ስለዚህ አንሺው ከመጫኑ በፊት ያስባል። ሌላው ምክንያት ቤት ውስጥ ያለው አልበም ነው። የእናት የሠርግ ፎቶ፣ የአባት ጉርድ ፎቶ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት የተነሳ ቤተሰብ። ያንን መልክ እንደገና በራስ እጅ ማግኘት መፈለግ የሚገባ ነገር ነው። ፋሽን ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

«ይሄ እኮ ፊልተር ነው»

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን የሚስተው ነገር አለ። ስልክ ላይ የምናየው የፊልም ፎቶ ሁሉ ዲጂታል ነው። ኔጋቲቩ ስካን ተደርጎ ነው የመጣው። ስካን የሚያደርገው ሰው ወይም ሶፍትዌሩ ብርሃኑንና ቀለሙን ይመርጣል። የባለቀለም ኔጋቲቭ መደብ ራሱ ብርቱካናማ ነው። እሱ ተቀንሶና ተገልብጦ ነው ቀለም የሚሆነው። አንድ ኔጋቲቭ ለሁለት ሰው ቢሰጥ ሁለት ዓይነት ቀለም ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ «የኮዳክ ቀለም ይሄ ነው፣ ያ አይደለም» የሚለው ክርክር በአብዛኛው ስለ ስካነሩ የሚደረግ ክርክር ነው።

በፊልምና በስልክ መካከል እውነተኛ ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም። ኔጋቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃንን በደንብ ይሸከማል። የሚጎዳው ብርሃን ሲያንሰው ነው። የዲጂታል ካሜራ ጠባይ ተቃራኒው ነው፤ ብርሃን ሲበዛበት ነጩ ቦታ ዝርዝሩን ያጣና ባዶ ይሆናል። ይህ ልዩነት ሐረር ላይ ጎልቶ ይታያል። ጀጎል ውስጥ በኖራ የተለሰነ ነጭ ወይም አረንጓዴ ግድግዳ፣ ጠባብ መንገድ፣ ከአናት የሚወርድ የቀትር ፀሐይ አለ። ግማሹ መንገድ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ ነው። ለጥላው ተለክቶ የተነሳ ኔጋቲቭ የግድግዳውን ልስን ሳያጠፋ፣ ጥላው ውስጥ የቆመችውን ሴት ፊት ያሳያል። አዳዲስ ስልኮችም ብዙ ፎቶ ደራርበው ይህን ማድረግ ችለዋል። ውጤቱ ሲቀራረብ ልዩነቱን መለየት ይከብዳል፤ መለየትም ያን ያህል አይጠቅምም።

«ፊልም ይበልጣል» የሚለውም እንዲሁ ልኬት ይፈልጋል። በትንሽ ስካነር የተነበበ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በዝርዝር ጥራት ከዛሬ ጥሩ ዲጂታል ካሜራ ያንሳል። ፊልም የሚበልጥበት ነገር ሌላ ነው፤ በእጅ የሚያዝ ኔጋቲቭ ይተርፋል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

የራምቦ ፎቶዎች ለምን ነጡ?

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ከተማዋ ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። እሱም ግጥም ትቶ የአንድ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኗል። ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጣ። በሜይ 1883 እ.ኤ.አ. ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ራሱን በራሱ ያነሳቸውን ፎቶዎች ጠቀሰ። አንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱ የቡና ማሳ ውስጥ፣ አንዱ ሙዝ መካከል እጁን አጣምሮ። ፎቶዎቹ ግን ነጥተው ነበር። ምክንያቱን ራሱ ተናግሯል፦ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ጀጎል ውስጥ «ራምቦ ቤት» የሚባለው ሙዚየም የድሮ ሐረር ፎቶዎችን ያሳያል። ቤቱ ራሱ እሱ ካለፈ በኋላ የተሠራ ነው። ጎብኚው ፎቶዎቹን አይቶ ይወጣል፤ የውሃውን ነገር ግን የሚያነሳው የለም። በእኔ ግምት በፊልም ለሚያነሳ የሐረር ልጅ ከዚያ ደብዳቤ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ኬሚስትሪው እንዲህ ነው። ፊክሰር ሥራውን ጨርሶ በደንብ ካልታጠበ በጄላቲኑ ውስጥ ይቀራል። ውስጡ ድኝ ስላለ ጊዜ ቆጥሮ ምስሉን የሠራውን ብር ይበላዋል። ፎቶው ይቦዝዛል፣ ይገረጣል፣ በመጨረሻ ይጠፋል። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ዛሬ ያማረ ኔጋቲቭ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል።

ሐረር ደግሞ ውሃ በቀላሉ የምታባክን ከተማ አይደለችም። ለረጅም ጊዜ የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም ሸሽቶ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ተስቦ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው የሚመጣው። ቧንቧ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር፣ ጄሪካን ተሰልፎ በሚቀዳበት ቤት፣ ፊልም ለማጠብ ቧንቧ ለግማሽ ሰዓት ከፍቶ መተው አይቻልም። ተገቢም አይደለም።

መፍትሔ አለው። የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ያስተማረው ዘዴ ቧንቧ አይፈልግም። ማጠቢያው ዕቃ ውሃ ይሞላል፣ 5 ጊዜ ይገለበጣል፣ ይደፋል። እንደገና ይሞላል፣ 10 ጊዜ ይገለበጣል፣ ይደፋል። ለሦስተኛ ጊዜ ይሞላል፣ 20 ጊዜ ይገለበጣል፣ ይደፋል። የአንድ ፊልም ማጠቢያ ዕቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ ሦስቱ ሲደመሩ አንድ ሊትር አይሞሉም። ይህን ውሃ ማንኛውም ቤት አያጣም። ሁለት ነገር ግን መጠበቅ አለበት። ፊክሰሩ ጄላቲን የሚያጠነክር ዓይነት መሆን የለበትም። ውሃውም ከኬሚካሉ ሙቀት ብዙ መራቅ የለበትም።

ሌላው የአካባቢው ጠባይ የውሃው ጨው ነው። የድሬዳዋ ከርሰ ምድር ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። በማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያው ነገር ፊልም ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ስካን ሲደረግ ሰማዩ ላይ ጉድፍ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የመጨረሻው መለቅለቂያ በዲስቲልድ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው የባትሪ ውሃ ብሎ የሚያውቀው ነው፤ አሲድ ያልገባበት መሆኑን ግን ማጣራት ያስፈልጋል። ዲቨሎፐሩም በእሱ ቢበጠበጥ ውጤቱ ከቀን ቀን አይለዋወጥም።

20 ዲግሪ በድሬዳዋ

ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ነች። በመካከላቸው 50 ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድና የደንገጎ ቁልቁለት አለ። ፊልም ለሚያጥብ ሰው ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው።

የጥቁርና ነጭ ፊልም ሰንጠረዦች በአብዛኛው የተሠሩት ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሐረር ላይ ጠዋት የተቀዳ ውሃ ለዚህ ይቀርባል። ድሬዳዋ ላይ ግን ከጣሪያ ጋን የሚወርድ ውሃ በቀትር ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሙቀት ሲጨምር ዲቨሎፐር ይፈጥናል። በ20 ዲግሪ 9 ደቂቃ የሚወስድ ሥራ በ24 ዲግሪ ወደ 6 ደቂቃ ይወርዳል። በ28 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ በታች ይሆናል። ከ5 ደቂቃ በታች የሆነ እጥበት አደገኛ ነው። ኬሚካሉ ፊልሙን እኩል ሳያዳርሰው ጊዜው ያልቃል፣ መስመርና ደመና ይፈጠራል። ሙቀቱ ከዚያም ከበለጠ ጄላቲኑ ይለሰልሳል፤ በጥፍር ነካ ሲያደርጉት ይላጣል።

የሚያዋጣው ዲቨሎፐሩን ማቅጠን ነው። ብዙዎቹ ዲቨሎፐሮች አንድ እጅ ለሦስት እጅ ውሃ ሲቀጥኑ ዝግ ይላሉ፣ ጊዜውም ይረዝማል። ከዚያ የኬሚካሉን ዕቃ በሳፋ ውሃ ውስጥ አቁሞ፣ ውሃው ላይ በረዶ በፌስታል ቋጥሮ መጨመር ነው። በረዶው በቀጥታ ኬሚካሉ ውስጥ አይገባም፤ ያቀጥነዋል። ጠዋት ገና ፀሐይ ሳይበረታ መሥራትም ትልቅ እገዛ ነው።

ባለቀለም ፊልም የሚታጠብበት ሲ-41 የሚባለው አሠራር ግን 37.8 ዲግሪ ይፈልጋል። ዲቨሎፐሩ ውስጥ የሚቆየው 3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ነው። የሚፈቀደው ልዩነት ከሩብ ዲግሪ ያነሰ ነው። ለዚህ የድሬዳዋ ሙቀት ይጠቅማል። የሳፋው ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሐረር ላይ ውሃ ማሞቅና ሙቀቱን ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ጥቁርና ነጩ ለሐረር፣ ባለቀለሙ ለድሬዳዋ ይቀላል። የሁለቱ ከተማ አንሺዎች ይህን ቢያውቁ በደንገጎ በኩል ፊልም እየተላላኩ ሊጠቃቀሙ ይችላሉ።

ሙቀት ያልታጠበ ፊልምንም ይጎዳል። ድሬዳዋ ላይ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ፊልም ቀለሙ ይዛባል፣ ጥላው ይጨማል። ፊልም በደንብ ታሽጎ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ይቆያል። ሲወጣ ግን ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል መከፈት የለበትም፤ ላብ ይይዘዋል። የተነሳ ፊልምም ሳይታጠብ ለወራት ባይቆይ ይሻላል።

ቡና ዲቨሎፐር ይሆናል?

ይህ ጥያቄ ሐረር ላይ ሲነሳ ልብ ይስባል። መልሱ አዎ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሮቼስተር ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በቡና ፊልም ማጠብ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ካፌኖል ተብሎ ይታወቃል። የሚያስፈልገው በፍጥነት የሚሟሟ የቆርቆሮ ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ እና ቪታሚን ሲ ነው። ሶዳው ዳቦ የሚጋገርበት ቤኪንግ ሶዳ አይደለም። ቤኪንግ ሶዳን ግን በምድጃ በከፍተኛ ሙቀት በማድረቅ ወደሚፈለገው ሶዳ መቀየር ይቻላል።

የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን ካፌይክ አሲድና መሰሎቹ ናቸው። እነዚህ በሮቡስታ ቡና ውስጥ ይበዛሉ። የሐረር ቡና አረቢካ ነው። ስለዚህ ለመጠጥ ስሙ የገነነው ቡና ለፊልም የሚመረጠው አይደለም፤ ርካሹ የቆርቆሮ ቡና ይሻላል። ሽታው ከባድ ነው፣ ኔጋቲቩም በጥቂቱ ይበልዛል። ነገር ግን ዲቨሎፐር ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅን ያስቀራል። ፊክሰርን ግን የሚተካ የወጥ ቤት ነገር የለም። ለእሱ ሶዲየም ታዮሰልፌት ወይም ተመሳሳዩ ያስፈልጋል።

ያገለገለ ፊክሰርም በዘፈቀደ አይደፋም። ከፊልሙ ያወጣው ብር በውስጡ አለ፤ ብር ደግሞ ውሃ ውስጥ ላሉ ሕይወት ያላቸው ነገሮች መርዝ ነው። የድስት መፈተጊያ ብረት ሱፍ ለተወሰኑ ቀናት ቢነከርበት ብሩ በብረቱ ላይ ይቀራል። ጀጎልን በመሰለ ቤት ከቤት በተያያዘበት ሰፈር ይህ ጎረቤትን ማክበርም ነው።

ዋጋውና መንገዱ

አሁን ወደ ቅንጦት ጥያቄው። በውጭ ገበያ አንድ ባለቀለም ፊልም ከ10 እስከ 15 ዶላር ይሸጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። ከዚያ በኋላ ከ130 ብር አልፏል። በ130 ብር ብንቆጥር እንኳ የ12 ዶላር ፊልም 1,560 ብር ይሆናል። ለ36 ሲካፈል አንዱ ፎቶ 43 ብር ነው። ማጠቢያው፣ ስካኑ፣ የነጋዴው ትርፍ አልታከለበትም።

ይህን አይቶ ቅንጦት ነው ያለ ሰው አልተሳሳተም። በሌላ በኩል ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች ለአገር የሚያደርሱት የምንዛሪ ጫና ከቁጥር አይገባም። ፊልም እዚህ የሚመጣው በአብዛኛው በዘመድ ሻንጣ ነው። ክርክሩ መሆን ያለበት እንዴት ይርከስ በሚለው ላይ ነው።

ጥቁርና ነጭ ፊልም በ30 ሜትር ጥቅል ይሸጣል። ከአንዱ ጥቅል 18 ያህል ባለ36 ፊልም ይወጣል፤ በጨለማ በባዶ ካሴት መጠቅለል ብቻ ነው የሚፈልገው። ለአንድ ሰው ውድ ነው። ለስድስት ሰው ግን ዕቁብ የሚጣልበት ነገር ነው። የአንዱ ፊልም ዋጋም ከተናጠሉ ያንሳል። ሌላው መንገድ ግማሽ ፍሬም የሚያነሳ፣ ማለትም የአንዱን ፎቶ ቦታ ለሁለት የሚከፍል ካሜራ ነው። እንደ ኦሊምፐስ ፔን ያሉት የድሮ ካሜራዎችም ሆኑ አዲሱ ፔንታክስ 17 ከአንድ ፊልም 72 ያወጣሉ። የ43 ብሩ ፎቶ ወደ 22 ብር ይወርዳል።

የሻንጣው መንገድ የራሱ ጣጣ አለው። የኤርፖርት ኤክስሬይ ፊልም ያበላሻል። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ ዕቃ ክፍል የሚሄድ ፊልም በጠንካራው ጨረር ያልፋል፤ እዚያ መግባት የለበትም። በእጅ ቦርሳ የሚታየው ጨረር ደካማ ስለነበር መካከለኛ ፊልሞች ይቋቋሙት ነበር። አሁን ግን በርካታ ኤርፖርቶች ሲቲ የሚባል ስካነር እያስገቡ ነው። እሱ ለብርሃን ያላቸው ንቃት ዝቅተኛ የሆኑ ፊልሞችንም ይጎዳል። ይህ ንቃት በካርቶኑ ላይ አይኤስኦ ተብሎ በቁጥር ይጻፋል፤ 200፣ 400፣ 800። ቁጥሩ ሲጨምር ጉዳቱም ይጨምራል። ፊልም የሚያመጣ ዘመድ በላስቲክ ከረጢት ለይቶ ይዞ በእጅ እንዲፈተሽለት ቢጠይቅ ይሻላል። አዲስ አበባ የደረሰ ፊልም ደግሞ በአውሮፕላን ከመቀጠል በአውቶቡስ ቢመጣ ከአንድ ጨረር ይድናል።

ሰውን ሲያነሱ

የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ከዚህ ውጭ የሆኑ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ በአደባባይ የተደረገ ክንውን አንዱ ነው። ሐረር ግድር መጋላ ገበያ ላይ ጉሊት የተቀመጠችን ሴት ፊቷን ብቻ አጉልቶ ማውጣት ግን ክንውን ማንሳት ነው ብሎ ለመከራከር ያስቸግራል።

ፊልም እዚህ ላይ የተለየ ነው። በስልክ የተነሳ ሰው «አሳየኝ» ሊል ይችላል። ካልወደደው «አጥፋው» ይላል። በፊልም የተነሳ ሰው ሁለቱንም ዕድል ያጣል። ስለዚህ ፈቃዱ ከፎቶው በፊት መምጣት አለበት። «እማማ፣ ባነሳዎት ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅና መጠበቅ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚወጣ ከሆነ ያንንም መናገር ያስፈልጋል፤ ለመነሳት የፈቀደች ሴት ለመሰራጨት ፈቅዳለች ማለት አይደለም። ታጥቦ ሲወጣ አንድ ኮፒ አሳትሞ መመለስ የድሮ ፎቶ አንሺ ወግ ነው። ሐረር ጎብኚ የሚበዛባት ከተማ ናት። ተነስተው ፎቶአቸውን ሳያዩ የቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚያው ሰፈር የሚኖር አንሺ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ነገም እዚያው ያገኛቸዋል።

ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ፊልም

ይህ ሁሉ ድካም ለጥቂት አዲስ ፎቶዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ዲጂታል ይበቃል ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ይመስለኛል።

ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር በ1902 እ.ኤ.አ. የተወለደች ከተማ ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ፣ ፈረንሳዩ ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪው፣ ከአማራው ጋር ኖሮባታል። ያ ሕይወት የተመዘገበው በአብዛኛው በፎቶ ቤት ነው። ዲጂታል ሲመጣ የማጠቢያ ክፍሎቹ ተዘጉ። ኔጋቲቮቹ ግን የትም አልሄዱም። በብስኩት ቆርቆሮ፣ በፖስታ፣ በአልጋ ሥር አሉ። ቤተሰብም ጋ እንዲሁ፤ ወረቀቱ ፎቶ ለዘመድ ተሰጥቶ አልቋል፣ ኔጋቲቩ ቀርቷል።

እነዚህ ጊዜ የላቸውም። የድሮ ፊልም መደብ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ ነው የተሠራው። በ21 ዲግሪ ሙቀትና በመካከለኛ እርጥበት ቢቀመጥ 40 ዓመት ግድም ላይ መበስበስ ይጀምራል። ሙቀቱ ሲጨምር ዓመቱ ያጥራል። ድሬዳዋ ስንት ዲግሪ እንደሆነች ይታወቃል። ምልክቱ ሽታው ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ከሸተተ መበስበሱ ጀምሯል። ከዚያ ፊልሙ ይጨማደዳል፣ ይሰባበራል። የሸተተው ካልሸተተው መለየት አለበት፤ ከእሱ የሚወጣው ትነት የሌላውን መበስበስ ያፋጥነዋል። የባለቀለም ፊልም ቀለምም በሙቀት ይሸሻል። ጥቁርና ነጩ ምስሉ ብር ስለሆነ በደንብ ታጥቦ ከነበረ የተሻለ ይቆያል።

ውሃም አለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፣ ቤቶችን ከነዕቃቸው ወስዷል። በጎርፍ የረጠበ ኔጋቲቭ ተደራርቦ ከደረቀ አይላቀቅም። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ፣ በእርጥቡ ተለይቶ፣ አንድ በአንድ ተሰቅሎ መድረቅ አለበት።

ይህን የሚያውቀው የድሮ ፎቶ አንሺ ነው። እሱ እየሸመገለ ነው። አሁን ደግሞ ፊልም የሚያጥብ ወጣት መጥቷል። ኔጋቲቭ በጠርዙ እንደሚያዝ፣ የትኛው ገጹ ጄላቲን እንደሆነ፣ ጨው ያለበት ውሃ ምን እንደሚያደርግ በእጁ ተምሯል። በሐረር የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም አንድ ሰው በግል ተነሳሽነት የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና የድምፅ ቅጂ ሰብስቦ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያል። ለኔጋቲቭ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ነጭ ብርሃን የሚያበራ ታብሌት ከሥር ይደረጋል። በላዩ ነጭ ላስቲክ ወይም ስስ መስታወት ጣል ይደረጋል፤ የታብሌቱ ነጠብጣቦች እንዳይታዩ ነው። ኔጋቲቩ ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ካሜራ ወይም ጥሩ ስልክ ቀጥ ብሎ ከላይ ያነሳዋል። በስልክ አፕ ይገለበጣል። የቤተሰብ ከሆነ ቤተሰቡ፣ የፎቶ ቤት ከሆነ ባለቤቱ ሳይፈቅዱ የትም አይወጣም። ከዚያ ፎቶው ለአያት ይታያል። አያት ስም ይነግራሉ፣ ሰፈር ይነግራሉ፣ የማን ሠርግ እንደነበር ይነግራሉ። ያ ሁሉ ኔጋቲቩ በሚገባበት ፖስታ ላይ ይጻፋል፤ ኔጋቲቩ ከመግባቱ በፊት፣ በእርሳስ። የእስክሪብቶ ቀለም ጊዜ ቆይቶ ወደ ፊልሙ ያልፋል።